«ልጁ ከአይሱዙው ጀርባ ተደበቀብኝ»

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ተወልጄ ያደግሁት ከጮቄ ተራራ ግርጌ ባለች የገጠር ቀበሌ ነው። አሁን ደብረ ማርቆስ በሂሳብ ሠራተኝነት እተዳደራለሁ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ለዚህ የበቃሁት በአንዲት ሴት ምክንያት ነው። ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ ወደ ማርቆስ ስመጣ አባቴ የቻለው የሁለት ወር ኪራይ ብቻ ነበር። አከራዬ ጠላ እየሸጡ የሚኖሩ እናት ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው። ሦስተኛው ወር ሲገባ ኪራይ አልጠየቁኝም። አራተኛውም እንዲሁ አለፈ። ከዚያ በኋላ ስለ ኪራይ ተነጋግረን አናውቅም። አራት ዓመት ቤታቸው ኖርሁ።

ማታ ማታ ጋን አጥብላቸው ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ሒሳብ ወደቅሁ። ካርዴን ፍራሽ ሥር ሸጉጬ ሁለት ወር ደበቅሁት። ለካ እትዬ አግኝተውት ኖሯል። አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ብቻ ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ጋኑን ራሳቸው ማጠብ ያዙ። ልረዳ ስነሣ «አንች ወደ ደብተርሽ» ይሉኛል።

ሥራ ከያዝሁ በኋላ አንድ ነጠላና 5,000 ብር ይዤ ሄድሁ። ነጠላዋን ለበሱ፤ ብሩን መለሱልኝ። «ይሄን ለኔ አትመልሽልኝ። እንዳንች ስንቅ ተሸክሞ የሚመጣ አይጠፋም፤ ለሱ አድርጊው» አሉኝ።

እንዳሉኝ አደረግሁ። አንድ የቀበሌያችንን ልጅ መርዳት ከጀመርሁ ሦስት ዓመት ሊሆነኝ ነው። አባቱ ሞቷል፤ እናቱ ብቻዋን ናት። ልጁ እኔን «እታለም» ነው የሚለኝ። በመሃል ትምህርት ቤቱ በጸጥታው ምክንያት ተዘግቶ አንድ ዓመት ባከነበት። አሁን 11ኛ ክፍል ነው፤ ወረዳ ከተማ ቤት ተከራይቶ ይማራል። በየወሩ 1,500 ብር እልክለታለሁ፤ ለኪራይ፣ ለስንቅ፣ ለደብተር። ለባለቤቴ የነገርሁት ግን 1,000 ብዬ ነው። ይህንንም ልደብቅዎት አልፈልግም።

በዚህ ጥር መንገዱ ሲከፈት ሳልነግረው ሄድሁ። ድንገት ደርሼ ደስ ላሰኘው ነበር ሐሳቤ። ጫማና የሒሳብ መጽሐፍ ይዤለታለሁ። የተከራየበት ክፍል ስደርስ ሌላ ተማሪ ተኝቶበታል። አከራዩ «እሱማ ከወጣ ቆየ፤ የሁለት ወርም አለበት» አሉኝ። ትምህርት ቤት ስጠይቅ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ይቀራል ተባልሁ። የገበያ ቀን ነበር። ወደ መናኸሪያ ስመለስ አየሁት። ኮንጎ ጫማ አድርጎ የሰው ድንች አይሱዙ ላይ ይጭናል። ኩንታሉን እንደተሸከመ ዐይን ለዐይን ተጋጨን። አወረደውና ከአይሱዙው ጀርባ ተደበቀ። ጠራሁት። አልወጣም።

በዚያው እልህ ወደ እናቱ ሄድሁ። ልቆጣ ነበር የሄድሁት። እሷ ግን ገና ከበር ስታየኝ ትከሻዬን ስማ አለቀሰች። «ከማዳበሪያው ዕዳ አወጣሽኝ፤ እግዜር ውለታሽን ይክፈልሽ» አለችኝ። ሰኔ ላይ ለማዳበሪያ ከነጋዴ ተበድራ ኖሯል። ልጁ የኪራዩን ብር በየወሩ እየሰጣት «እታለም ላንች ጨምራ ነው የላከች» ይላታል። ምን ልበላት? ዝም አልሁ። ስወጣ አንድ ከረጢት ድንች አሸከመችኝ። ድንቹ ይኸው ሦስት ሳምንት ኩሽና ጥግ ተቀምጧል። ቀቅሎ መብላት አቃተኝ።

ባለቤቴ ሲሰማ «አላልሁሽም?» አለኝ። «የልጆቻችን ክፍያ በየዓመቱ እየጨመረ አንች የሰው ልጅ ታስተምሪያለሽ።» በዚህ ላይ ሰሞኑን አንዲት አሮጊት የልጅ ልጃቸውን ይዘው ቤቴ መጡ። 8ኛ ክፍል ናት፤ ጎበዝ። ዕድሜዋ 15 ነው። አባቷ ከፋሲካ በኋላ ሊድራት አስቧል አሉኝ። አቅሜ ከአንድ ልጅ አያልፍም። የዋሸኝን ትቼ እሷን ልያዝ? ወይስ ሁሉንም ልተወው? ለእትዬስ ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ?

ግራ የገባኝ፣ ከደብረ ማርቆስ

*

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው እንዳንቺው ተናደድኩ። በሁለተኛው ግን ድንቹ ጋ ስደርስ አላሳልፍ አለኝ። ልጁን ጠልተሽው ቢሆን ኖሮ ድንቹን ለጎረቤት ትሰጪው ነበር። ጉዳዩ ምንም ባይመስልሽም ቀቅለሽ በልተሽው ነበር። አንቺ ሁለቱንም አላደረግሽም። ስለዚህ የጻፍሽልኝ ልጁን ለመተው «ይሁን» እንድልሽ አይመስለኝም። ተሳስቼ ከሆነ ይቅርታ አድርጊልኝ።

መከፋትሽ ተገቢ ነው። ከልጆችሽ ጉሮሮ ቀንሰሽ የላክሽው ብር ነው። ደግሞም ጫማና መጽሐፍ ይዘሽ፣ ደስ ይለዋል ብለሽ ሄደሽ፣ ሌላ ሰው የተኛበት ክፍል ማግኘት አንጀት ይቆርጣል። ጠርተሽው አለመውጣቱ ከሁሉም ይብሳል። ግን እስቲ ተረጋግተሽ ራስሽን ጠይቂ። ይበልጥ ያንገበገበሽ የቱ ነው? ብሩ ሌላ ቦታ መግባቱ ነው ወይስ ሳይነግርሽ መቅረቱ? ብሩ ከሆነ አላላኩን ማስተካከል ይበቃል። አለመንገሩ ከሆነ ግን ከልጁ ጋር ቁጭ ብለሽ ሳታወሪ ሌላ ልጅ ብትይዢ፣ ያንን ቂም ለአዲሷ ልጅ ይዘሽላት ትሄጃለሽ። ገና ምንም ሳታደርግ በጥርጣሬ ታያታለሽ።

አሁን ወደ ልጁ ልምጣ። ብሩ የት ገባ? መጠጥ ቤት አልገባም። ቁማር አልበላውም። የእናቱ ዕዳ ውስጥ ነው የገባው። በዚህ ሁሉ መሃል ልጁ ያገኘው ነገር ቢፈለግ ማደሪያ ማጣትና ጀርባው ላይ ኩንታል ነው።

ያ መሬት ምን ዓይነት እንደሆነ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ስንት ዘመን ዝናብ ያጠበው አፈር ነው፤ አሲዳማ ሆኗል። ኖራ ካልተበተነበትና ማዳበሪያ ካልቀመሰ ገብሱም ስንዴውም ቢጫ ሆኖ ይቀራል። በ2015 ማዳበሪያ ጠፍቶ ገበሬው ሥራውን ጥሎ የተንከራተተውን፣ እስከ ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ አቤት ያለውን አንረሳውም። ባሏ ለሞተባት ሴት ሰኔ ላይ ያለ ማዳበሪያ መዝራት ከባድ ነው። መበደርም ከባድ ነው። የነጋዴ ዕዳ ካልተከፈለ በሬው ይሸጣል፣ ወይ መሬቱ ለሌላ ይከራያል። ልጁ ከተማ ተቀምጦ ይህን እያወቀ ነው ኪራይ ይከፍል የነበረው። አንድ ቀን አልቻለም።

ይህ ውሸቱን እውነት አያደርገውም። አንቺን መዋሸት አልነበረበትም። ስምሽንም ሳትሰሚ ተጠቅሞበታል። ይህን ፊት ለፊት ልትነግሪው ይገባል። ነገር ግን ከአይሱዙው ጀርባ መደበቁን ልብ ብለሽዋል? አጭበርባሪ ቢሆን ኖሮ ኩንታሉን ወርውሮ፣ ሮጦ መጥቶ፣ ትከሻሽን ስሞ አዲስ ታሪክ ይፈጥርልሽ ነበር። እሱ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠው ነው የወደደው። ሐፍረት ያለው ልጅ ገና ከእጅሽ አልወጣም።

አንድ ነገር ደግሞ ልበል፤ የተረዳ ሰው ሁሉ ያውቀዋል ብዬ አምናለሁ። በሰው እርዳታ የሚማር ልጅ «ቸገረኝ፣ ጨምሩልኝ» ለማለት አፍ የለውም። ይሉኝታ ይይዘዋል። የሚሰጠውን ተቀብሎ «ደኅና ነኝ፣ ተመስገን» ማለት ነው የለመደው። ስልክ ስትደውዪለት «ትምህርት እንዴት ነው?» ብለሽ ትጠይቂው ይሆናል። «ጥሩ ነው» ይልሻል። «እናትህስ? አዝመራው እንዴት ሆነ? ዕዳ አለባችሁ?» ብለሽ ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? አልጠየቅሽው ከሆነ ጥፋተኛ ነሽ እያልኩ አይደለም። ብዙዎቻችን ልጁን ከቤቱ ነጥለን ነው የምናየው። ልጁ ግን ቤቱን ተሸክሞ ነው ክፍል የሚገባው።

አንቺም እኮ ለባለቤትሽ 1,000 ብለሻል። ይህን ያነሳሁት ልወቅስሽ አይደለም፤ አንቺው በግልጽ ስለጻፍሽልኝ ነው። 500 ብሩን የደበቅሽው ክፉ ስለሆንሽ አይደለም። እውነቱን ብናገር ይከለክለኛል ብለሽ ስለፈራሽ ነው፤ ያንንም ያደረግሽው ለምትወጂው ሰው ብለሽ ነው። ልጁም እንደዚያው ነው የሆነው። ከእሱ ጋር ስትነጋገሪ ይህ በልብሽ ይኑር።

ከደብዳቤሽ ሁሉ ግን ልቤን የነካው ጋኑ ነው። ጋን ማጠብን ላላየ ሰው ሥራው ቀላል ይመስለዋል። ክንድን እስከ ብብት አስገብቶ በግራዋ ቅጠል መፈግፈግ ነው። ውኃ ማመላለስ ነው። ከዚያ በወይራ ማጠን ነው። እትዬ ቀኑን ሙሉ ጠላ ሲቀዱ ውለው፣ ደክሟቸው፣ ይህን ሥራ ከእጅሽ ወሰዱት። ካርድሽን ሲያገኙ «ይህን ሁሉ አድርጌላት ትደብቀኛለች?» ብለው ቢነሱ ማን ይፈርድባቸው ነበር? እሳቸው ግን የደበቅሽውን ትተው እጅሽን አዩ። ምን ይዟል? ጋን ይዟል። በቃ፣ እሱን ተቀበሉሽ።

እህቴ፣ የዚህ ልጅ ጋን ዕዳው ነው። ስንት ቀርቶታል? እናቱ «አወጣሽኝ» ብላለች። ሙሉ በሙሉ ተከፍሎ ይሆን? አልቆ ከሆነ ልጁ ከእንግዲህ ወደ ክፍል የማይመለስበት ምክንያት የለም፤ የተረፈው ሐፍረቱና የሁለት ወሩ ኪራይ ብቻ ነው። ካላለቀ ደግሞ ቀሪውን ሳታውቂ ምንም አትወስኚ። ዕዳው እያለ ኪራይ ብትልኪለት ብሩ ተመልሶ ወደዚያው ይሄዳል። ከነጋዴው ጋር በሽማግሌ ተነጋግሮ ቀሪውን እስከሚቀጥለው አዝመራ ማሸጋገር ይቻል ይሆናል። በአገራችን ይህን የሚያስታርቅ ሰው አይጠፋም።

እትዬ ይህን ከየት ተማሩት ብዬ አሰብኩ። ጎጃም ውስጥ ብዙ መፈለግ አያስፈልግም። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ እየተባለ ከየአገሩ ለቅኔና ለመጽሐፍ የሚመጣውን ተማሪ ማን አበላው? ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ ደጅ ላይ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ቁራሽ ይዛ የምትወጣው እናት ናት ያበላችው። ማለዳ ከጋገረችው ላይ ለተማሪ ብላ የምታስቀር ነበረች። ይህ ልጅ ቅኔ ይዘልቅ ይሆን ወይስ በመሃል ጥሎ ይሄዳል ብላ አትጠይቀውም። የሷ ድርሻ ቁራሿ ናት። ከሷ እጅ የበላው ብዙው ባለቅኔ አልሆነም፤ አንዳንዱ ገበሬ ሆነ፣ አንዳንዱ ነጋዴ ሆነ። ስንቅ ተሸክሞ ወረዳ ከተማ የሚገባው የዛሬው ተማሪ የዚያ ልጅ ታናሽ ወንድም ነው። አሁንም ልጆቹን ከትምህርት የሚያስቀራቸው የመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍያ አይደለም። ኪራይና ስንቅ ነው። ዓርብ ከሰዓት ሦስት አራት ሰዓት በእግር ተጉዞ፣ እሑድ እንጀራና ሽሮ በከረጢት ተሸክሞ መመለስ ነው። አንቺም በዚያው መንገድ ነው የመጣሽው።

እንግዲህ ምን ታድርጊ? መጀመሪያ ልጁን አግኚው። በስልክ አይሁን። በእናቱ ፊትም አይሁን። መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን ሂጂ፤ ካልተቻለም እሱ ማርቆስ እንዲመጣ የመሳፈሪያ ላኪለትና ቤትሽ ምሳ አብሉት። ምናልባት «አልመጣም» ይል ይሆናል። «ልቆጣህ አይደለም የምጠራህ» የሚል መልእክት በአንድ ጓደኛው በኩል ቢደርሰው ይመጣል። ሲመጣ በጥያቄ አታጣድፊው። ይብላ። ከዚያ ያወቅሽውን ሁሉ ራስሽ ንገሪው፤ እንዲናዘዝ አታስጨንቂው። «ለእናትህ ያደረግኸውን አውቃለሁ። ስላልነገርከኝ ግን በጣም አዝኛለሁ» በዪው። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱንም ይስማ። ከቻልሽ የራስሽን ካርድና የእትዬን ጋን አጫውቺው። እታለም ራሷ ፍራሽ ሥር ካርድ ደብቃ እንደነበር ቢያውቅ ደረቱ የሚቀለው ይመስለኛል።

ከዚያ የሚከብደውን ጥያቄ ጠይቂው። መማር ይፈልጋል? የሱን መልስ ነው የምትፈልጊው፤ አንቺን ለማስደሰት የሚሰጥሽን አይደለም። አንድ ዓመት ትምህርት ቤት ተዘግቶበት የባከነ ልጅ ነው። እኩዮቹ አልፈውታል። 12ኛ ክፍል ምን እንደሚጠብቀውም ያያል። በ2014 ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015ም 3.2፤ በ2016 ደግሞ 5.4። ይህን ቁጥር የሰማ የገጠር ልጅ «ለምን እለፋለሁ?» ቢል ሰነፍ አልለውም። ስለዚህ «ዩኒቨርሲቲ ካልገባህ ድካሜ ሁሉ ከንቱ ነው» የሚል ነገር ከአፍሽ አይውጣ። ቴክኒክና ሙያ ገብቶ ኤሌክትሪክ ወይም ብየዳ ቢማርም ተምሯል። ደግሞ «አልማርም፣ እናቴን ላግዝ» ካለሽ ያማል፤ ግን ያንን መስማት ከአይሱዙ ጀርባ ከመፈለግ ይሻላል። ያን ጊዜ በሰላም መርቀሽ ታሰናብቺዋለሽ። ድርሻሽን ለሌላ ለመስጠትም ነፃ ነሽ።

እቀጥላለሁ ካለ አላላኩን ቀይሪው። ኪራዩን ለአከራዩ በቴሌብር ወይም በባንክ ራስሽ ክፈይ፤ ያለበትን የሁለት ወርም ተነጋገሪላቸው። ለልጁ በእጁ የምትልኪለት ለስንቅና ለደብተር የሚሆነው ይሁን። የክፍል ኃላፊ መምህሩን ስልክ ያዢ። በወር አንድ ጊዜ ብትደውዪ በቂ ነው፤ ልጁም እንደምትደውዪ ይወቅ፣ ከጀርባው አይሁን። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ቃል ተግባቡ፤ «ቤት ውስጥ ችግር ሲመጣ መጀመሪያ ለኔ ትነግረኛለህ፤ ብቻልም ባልችልም አልቆጣህም።» ይህን ካልሽ በኋላ እውነትም አትቆጪው። አንዴ ከተቆጣሽ ሁለተኛ አይነግርሽም። ቅዳሜ ወይም የትምህርት ሰዓት በማይነካበት ቀን ልሸከም ካለ ተይው። ሠርቶ ለእናቱ ጨው መግዛት ለሱ ክብሩ ነው።

እናቱን በተመለከተ እውነቱን አንቺ አትንገሪያት። ልጁ ራሱ ይንገራት፤ ጊዜ ስጪው። ከልቧ ያመሰገነችሽን ሴት ምስጋናዋን ማፍረስ የሚጠቅመው የለም።

ባለቤትሽን እንደ ጠላት አትዪው። የልጆቹ ክፍያ ያሳስበዋል። የሚያሳስብም ነው። አንድ ማታ ልጆቹ ሲተኙ 500 ብሩን ንገሪው። ይቆጣ ይሆናል። ግን እንደዚህ ተደብቆ የሚሄድ በጎነት አንድ ቀን ትዳርሽን ያቆስላል፤ ያኔ ልጁም ይጎዳል። ከነገርሽው በኋላ «ስንት ብንልክ ቤታችንን አይጎዳም?» ብለሽ ጠይቂው። እሱ 1,000 ካለ 1,000 ይሁን። በሁለታችሁ ስምምነት የተላከ 1,000 ብር አንቺ እየፈራሽ ከምትልኪው 1,500 ይሻላል፤ ይዘልቃልና። ስለ እትዬስ በደንብ አጫውተሽው ታውቂያለሽ? ጋኑን፣ ካርዱን? ባሎቻችንና ሚስቶቻችን እንዴት እንደተማርን በዝርዝር የማያውቁበት ብዙ ቤት አይቻለሁ። «የሰው ልጅ ታስተምሪያለሽ» ያለሽ ሰው አንቺም የሰው ልጅ ሆነሽ በሰው ቤት እንደተማርሽ ጭራሽ ሳይረዳው ቀርቶ ይሆናል።

የልጅቷን ነገር ለብቻው አየዋለሁ፤ ምክንያቱም የሷ ጉዳይ የብር ብቻ አይደለም። ከፋሲካ በኋላ ከተባለ ጊዜ የለም። በክልሉ የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው። 15 ዓመቷን ልጅ መዳር በወንጀልም ያስጠይቃል። አያቷ አንቺ ዘንድ መምጣታቸው ቤት ውስጥ አንድ ሰው ከጎኗ እንዳለ ያሳያል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በዚህ ሳምንት ለትምህርት ቤቷ ርዕሰ መምህር ደውዪ። የወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትም ይወቅ። አባቷን ለማነጋገር አባት የሚያከብሩት ሰው፣ የንስሐ አባታቸው ቢሆን ይመረጣል፣ ይላክ። «ክስ» ብሎ መጀመር ልጅቷን ከቤተሰቧ ያቆራርጣታል፤ ሽምግልናው ካልሠራ ግን ሕጉ አለ፣ ወደዚያ ከመሄድ ወደኋላ አትበሉ። አሁን የሚያስፈልጋት የ8ኛ ክፍልን ክልላዊ ፈተና እስክትወስድ ከዚህ ጋብቻ መዳን ነው። ይህን ለማድረግ ደግሞ ወንድ ልጁን መተው አይጠበቅብሽም።

ከመስከረም በኋላ ግን ኪራይ ይመጣል። ያኔ ብቻሽን አትሸከሚያት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባል የለ። መሥሪያ ቤትሽ ስንት ሰው ነው በሰው ቤት የተማረው? ቡና ሲፈላ አንስተሽ ጠይቂ፤ ትገረሚያለሽ። አራት አምስት ሰው በየወሩ 200 እና 300 ብር ቢያዋጣ የአንዲት ልጅ ኪራይ ይወጣል። እንደ ዕቁብ አንድ ሰው ይያዘው፣ በደብተር ይጻፍ። የሴት ልጅ ማደሪያ ደግሞ ብርቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከማታውቃቸው ጋር የምትጋራው ክፍል ሳይሆን እናት ያለችበት ቤት ፈልጉላት። ስትረዷትም ደብተር አስይዛችሁ ፎቶ አታንሷት። ዛሬ ይህ ልማድ ሆኗል፤ እኔ ግን ከልቤ እቃወመዋለሁ። እትዬ አንቺን ፎቶ አንስተው ለጎረቤት አላሳዩም።

ለእትዬ ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ ብለሻል። እንዳለ ንገሪያቸው። ከልጁ ጋር ከመነጋገርሽ በፊት ሂጂ ባይ ነኝ። ቡና ይዘሽ ሂጂ፣ አንቺው አፍዪላቸው። ሦስተኛው ወር ላይ ኪራይ ያልጠየቁሽ ለምን እንደሆነ ጠይቂያቸው፤ ይህን በደብዳቤሽ አላገኘሁትም፣ አንቺም የምታውቂው አልመሰለኝም። ካርድሽን ሲያገኙ ተናደው እንደነበርም ጠይቂያቸው። አራት ዓመት የሰው ልጅ ቤታቸው ያኖሩ ሴት ናቸው፤ ለዚህ ጉዳይ ከእኔ የተሻለ መልስ እሳቸው ዘንድ አለ። የሚሉሽን ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል።

ያንን ድንች ደግሞ ሳያጎነቁል ዛሬ ቀቅይው። ከአዋዜ ጋር ለልጆችሽ አቅርቢላቸው፤ ከየት እንደመጣም ንገሪያቸው። ለእትዬም ትንሽ ቋጥሪላቸው።